ምዕራፍ 6፦ አልጠፋሁም

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ «ጋሼ! ጋሼ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ማኪያቶ ያቀረበችልኝ ልጅ ሽርጧን እንዳደረገች አስፋልቱን አቋርጣ እየሮጠች መጣች። መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ረስተውት ሄዱ እኮ!» አለችኝ ቁና ቁና እየተነፈሰች። አመስግኜ ተቀበልኳት። ምን ልበላት? «ላንቺ ነው የተውኩት» ብላት ሌላ ነገር ይመስላል፤ «ላገኘው ሰው ነው» ብላት ደግሞ በዚያ ጥድፊያ መሀል የሚገባት አልመሰለኝም።

በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ሞከርኩ። ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬው ወረድኩ። ታክሲው ሊነሳ ሲል አንዲት ተሳፋሪ አየችው፣ ለፊተኛው ሰው አቀበለች፣ እሱ ለረዳቱ ሰጠ፤ ረዳቱም ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ፋዘር፣ መጽሐፍ!» እያለ ጠራኝ። መጽሐፉ በሦስት ሰው እጅ አልፎ እንደገና እጄ ገባ።

ሁሉም ያደረጉት ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ነገር የተረሳ ነገር ነው። የተረሳ ነገር የሰው ገንዘብ ነው፤ ያገኘው ሰው ላይም አደራ ይወድቅበታል። ያቺ ልጅ ሌላ ደንበኛ እያስጠበቀች የሮጠችው አደራው ከብዷት ነው። ስሕተቱ የእኔ ነበር። መጽሐፉን ሜዳ ላይ ስተወው ስለ ራሱ የሚናገርበት አፍ አልሰጠሁትም።

አንብበው የጨረሱትን መጽሐፍ ሰው በሚበዛበት ቦታ ትቶ መሄድ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀ ልማድ ነው። ስለዚህ ልማድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሰጪው ቸርነት ነው። ቸርነቱን አልክድም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሽፋኑ ውስጥ የምትለጠፈው ቁራጭ ወረቀት ናት። የተረሳውን ከተተወው የምትለየው እሷ ናት፤ ያለ እሷ መጽሐፉ ወይ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ወይ ከጥራጊ ጋር ይጠረጋል።

የወረቀቷ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2001 ሮን ሆርንቤከር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ከባለቤቱ ከካኦሪ ጋር አንድ ድረ ገጽ ያያሉ። ፎቶታግ ይባላል። አንድ ፊልም ብቻ አንስተው የሚጥሏቸው ርካሽ ካሜራዎች በየመንገዱ ይተዋሉ፤ ያገኛቸው ሰው ፎቶ ያነሳባቸውና ለሌላ ሰው ያስተላልፋቸዋል፤ ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው ወደ ላኪው ይመለሳል። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ1998፣ «ጆርጅ የት አለ?» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ሌላ ድረ ገጽ ተከፍቶ ነበር። ጆርጅ የተባለው ባለ አንድ ዶላሩ ኖት ላይ ምስሉ ያለው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ሰዎች የኖቱን መለያ ቁጥር አስገብተው ያቺ አንዲት ዶላር በየትኛው ከተማ እንዳለፈች ይከታተላሉ።

ሆርንቤከር ገንዘብና ካሜራ እንዲህ ከዞሩ ሌላ ምን ሊዞር ይችላል ብሎ ሲያስብ፣ ዐይኑ የራሱ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አረፈ። ሌሊቱን ሲነድፍ አደረ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2001፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ቡክክሮሲንግ የተባለ ድረ ገጽ ሥራ ጀመረ።

እዚህ ላይ ዝግ ብዬ ላስረዳ፤ የነገሩ ብልት ያለው እዚህ ነው። ዶላር ከማተሚያ ቤት ሲወጣ እያንዳንዱ ኖት የራሱ ቁጥር አለው። መጽሐፍ ግን የለውም። «አለው እንጂ፣ ጀርባው ላይ ባርኮዱ አጠገብ ያለውስ?» የሚል አይጠፋም። እሱ አይኤስቢኤን ነው፤ 10 አሃዝ የነበረው ከ2007 ወዲህ 13 ሆኗል። ይህ ቁጥር የሚለየው እትሙን ብቻ ነው። ከአንድ እትም 5,000 ቅጂ ቢታተም 5,000ውም አንድ ዓይነት ቁጥር ይሸከማሉ። እናቴ ቤት ያለው፣ ሽፋኑ ላይ ቡና የፈሰሰበት ቅጂ እና መደብር ውስጥ ማንም ሳይገልጠው የተቀመጠው ቅጂ በአይኤስቢኤን ዐይን አንድ ናቸው። የቡክክሮሲንግ ቁጥር የሚያውቀው ያንን ቡና የፈሰሰበትን ብቻ ነው። ይህ ቅጂ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰው እጅ ነበር ለማለት የሚያስችል ቀላል መንገድ ተገኘ ማለት ነው። መጽሐፉ ስም ወጣለት።

ከዚያ በኋላ ያለው አስቸጋሪ አይደለም። መጽሐፉን ያስመዘግባሉ፤ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቁጥሩን ከአጭር ማብራሪያ ጋር ሽፋኑ ውስጥ ይጽፋሉ ወይም ይለጥፋሉ። ማብራሪያው በመጽሐፉ አንደበት ነው የሚናገረው፦ አልጠፋሁም፤ ውሰደኝ፣ አንብበኝ፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ተወኝ። ያገኘው ሰው ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ ሲያስገባ የመጽሐፉ የሕይወት ታሪክ ይከፈትለታል፤ ከየት ተነሣ፣ ማን አነበበው፣ ምን አለ። እሱም የበኩሉን ይጨምራል። እውነተኛ ስሙን መስጠት የለበትም፤ አባል መሆን የለበትም፤ የሚከፍለውም ነገር የለም።

የዚህ ማኅበር ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። መጽሐፍ «ተውኩ» አይሉም፤ «ወደ ዱር ለቀቅኩ» ነው የሚሉት፣ ክንፉ የዳነለትን ወፍ እንደሚለቅ ሰው። ያገኘው ደግሞ «ያዘው» ይባላል። መንገዱን የማያምኑም አሉ። እነሱ መጽሐፉን በስም ዝርዝር እየተቀባበሉ በፖስታ ያዞሩታል፤ ዞሮ ወደ ባለቤቱ ከተመለሰ «ቀለበት»፣ ሳይመለስ ከቀጠለ «ጨረር» ይሉታል። ለዝናብም ዘዴ አላቸው፤ መጽሐፉን ውስጡ በሚያሳይ ላስቲክ ያሽጉታል። ውስጡ የሚያሳይ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ የማይታይ ጥቅል አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ባቡር ጣቢያ ውስጥ ባለቤት ሳይኖረው ሲገኝ የሚያስነሣው ድንጋጤ ቀላል አይደለም።

ለማይታወቅ ሰው የመጽሐፍ ቅጠል ላይ መልእክት መጻፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙ የብራና መጻሕፍታችን መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ላይ ግዝት አለባቸው፦ የሰረቀው፣ የፋቀው፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል። «የፋቀው» የተባለው በከንቱ አይደለም። ብራና ላይ የተጻፈ ነገር በስለት ስለሚፋቅ፣ ሌባ መጀመሪያ የሚያጠፋው የባለቤቱን ወይም የደብሩን ስም ነው። ግዝቱ የጠነከረበትን ምክንያት ለመረዳት ብራና ሲዘጋጅ አንድ ቀን ማየት ይበቃል። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ማዕቀፍ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው መስመሩ ተሰምሮ በመቃ ብዕር መጻፍ የሚጀመረው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ይሄድበታል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለአንድ ደብር ሲሰጥ ከዚያ ቦታ እንዳይነቃነቅ ቢገዘት አይፈረድም።

እነዚህን ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ልቤ ይነካል። አንደኛው «አትውሰደኝ» ይላል፤ ሌላኛው «ውሰደኝ»። ሁለቱም የሚናገሩት ገና ያልመጣ፣ ፊቱን የማያውቁት ሰው አንድ ቀን ይህን ቅጠል እንደሚገልጥ ካመነ ሰው ልብ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ማተሚያ ማሽን ነው። መጽሐፍ ሲረክስ ሳይሆን ሲበዛ ነው ሰው እጁን መፍታት የጀመረው።

ቡክክሮሲንግ በመጀመሪያው ዓመት አዝጋሚ ነበር። በ2002 አንድ የመጻሕፍት መጽሔት ከጻፈለት በኋላ ግን ተስፋፋ፤ በ2004 ቃሉ በኦክስፎርድ አጭሩ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ፤ በ2007 ሲንጋፖር በአገር ደረጃ ተቀላቀለችና 2,000 ያህል መጽሐፍ መተዊያ ቦታዎች መደበች። ዛሬ የአባላቱ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን፣ የተመዘገቡት መጻሕፍት ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ሁሉም ግን አልወደደውም። በ2005 አንዲት የእንግሊዝ አሳታሚ ድርጅት ኃላፊ ልማዱን ከናፕስተር ጋር አነጻጸሩት። ናፕስተር የሙዚቃ ኩባንያዎችን ያንቀጠቀጠ፣ ሰዎች ዘፈን በኢንተርኔት በነፃ የሚቀባበሉበት ፕሮግራም ነበር። የደራሲን ድካም የሚያስብ ሰው ይህን ሥጋት ማቃለል የለበትም፤ እኛ አገር ደራሲ ከመጽሐፉ ሽያጭ ምን ያህል እንደሚተርፈው የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስባል። ማነጻጸሩ ግን አይገጥምም። በናፕስተር አንድ ዘፈን ሲላክ ላኪውም ይዞት ይቀራል፤ ተቀባዩም ያገኛል፤ አንዱ ሺህ ይሆናል። መጽሐፍ የለቀቀ ሰው መደርደሪያው ላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ሱቆች ወይም ለጓደኛ ከማዋስ የሚለየው ተቀባዩ አለመታወቁ ብቻ ነው። የለቀቁትን ወደውት ለራሳቸው ሌላ ቅጂ የሚገዙም አሉ።

ከወረቀቷ ሌላ «አልተረሳም» የሚል ሁለተኛ መንገድም አለ፤ እሱም ሳጥን ነው። ሳጥን ውስጥ ያለ ነገር ማንም ረስቶት እንዳልሄደ ግልጽ ነው። ክሌግ እና ጉትማን የተባሉ ሁለት የሥነ ጥበብ ሰዎች በ1991 በኦስትሪያዋ ግራትስ፣ በ1993 ደግሞ በሃምቡርግ ጠባቂም መዝገብም የሌላቸው ክፍት የመጽሐፍ መደርደሪያዎች መንገድ ላይ አቆሙ፤ ለሃምቡርጉ የኤሌክትሪክ ሳጥኖችን ነበር የተጠቀሙት። በእንግሊዝ የሞባይል ስልክ ሥራ ያሳጣቸውን ቀያይ የስልክ ዳሶች የየአካባቢው ነዋሪ በ1 ፓውንድ እንዲረከባቸው ሲፈቀድ፣ ዌስትበሪ-ሰብ-ሜንዲፕ የምትባል የሶመርሴት መንደር በ2009 የራሷን ዳስ ቤተ መጻሕፍት አደረገችው። መንደሯ በመኪና እየዞረ ይመጣላት የነበረው ቤተ መጻሕፍት ቀርቶባት ነበር።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ሃድሰን ከተማ፣ ቶድ ቦል የተባለ ሰው በሞት የተለየችውን እናቱን ማስታወስ ፈለገ። አስተማሪ ነበረች፤ መጽሐፍም ትወድ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው አሮጌ በር በተረፈ እንጨት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት የምትመስል ትንሽ ሳጥን ሠራ፤ ደጁ ላይ በእንጨት ምሰሶ አቆማት፤ በመጻሕፍት ሞላት። ጎረቤቶቹ አይተው «ለእኛም ሥራልን» አሉት። አንድሩ ካርኔጊ የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ በገንዘቡ ያሠራቸው ቤተ መጻሕፍት ከ2,500 ትንሽ ይበልጣሉና ቦል ያንን ቁጥር ማለፍን ግቡ አደረገ። በ2018 ሲሞት ሳጥኖቹ ከ75,000 በላይ ሆነው ነበር።

ሳጥኑን እወደዋለሁ፤ ልቤ ግን ወደ ወረቀቷ ያደላል። ሳጥን ጋ የሚሄደው መጽሐፍ የፈለገ ሰው ነው። ወንበር ላይ የተተወ መጽሐፍ የሚያገኘው ሰው ተራ እየጠበቀ ያለ፣ ዝናብ ያስጠለለው፣ ባልንጀራው የዘገየበት ሰው ነው፤ ማንበብን ጨርሶ ያላሰበ።

«መጽሐፍ በሞላበት አገር ይህ ያምራል፤ እኛ ጋ ግን መጽሐፍ ሜዳ ላይ ከመተው ለትምህርት ቤት መስጠት አይሻልም ወይ?» ይሉኛል ወዳጆቼ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ አገር መጽሐፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ጠርዙ ተበልቶም ዋጋ አለው፤ ለገሃርና አራት ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ልጆች መጠየቅ ነው። ለትምህርት ቤት መስጠት ግዴታችን ይመስለኛል፤ እሱን አድርጌ ነው ይህን የምለው። ሆኖም መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን እኛ ከማንም አልተማርንም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ሰው እጅ የቀሩት ቅጂዎች በጓሮ በር ዞሩ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ መጽሐፉ ግን መዞሩን አላቆመም። የመጨረሻው አንባቢ የመጀመሪያውን ገዢ አያውቀውም።

አንድ መጽሐፍ ባላሰበው ሰው እጅ ሲገባ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሳስብ ደግሞ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ትዝ ይሉኛል። የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር፤ ተራ የፍቅር ልቦለድ ነው። ማንም ተቺ የማያነሣው መጽሐፍ እኚህን ሰው አንባቢ አደረጋቸው። ኋላ ተሰደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሠሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ያ ልቦለድ ከእሳቸው በፊት በማን እጅ እንደነበረ፣ ከእሳቸውም በኋላ የት እንደደረሰ ማን ሊናገር ይችላል?

የዚህ ልማድ ትልቁ ፈተና ዝምታው ነው። ከሚለቀቁት መጻሕፍት የአብዛኞቹ ወሬ ተመልሶ አይሰማም። አዲስ ጀማሪዎች ሁለት ሦስት መጽሐፍ ለቀው በየቀኑ ድረ ገጹን ይከፍታሉ፤ ወር ሲሞላ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። የቆዩት ግን ሲለቁ ኖረዋል፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ዓመታት ቆይቶ፣ ማንም ባልጠበቀው ከተማ ድምፁን ያሰማል። ዝምታውን እንዴት ማንበብ እንዳለብኝ እኔም ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ሁለት ጊዜ ወደተመለሰልኝ መጽሐፍ ልምጣ። ቤት ገብቼ ገጽ በገጽ አገላበጥኩት። ሳነብ በእርሳስ ያሠመርኳቸውን መስመሮች፣ ኅዳግ ላይ የጫርኳቸውን ቃላት ሁሉ በላጲስ አጠፋሁ፤ የሚቀጥለው ሰው በእኔ ዐይን እንዲያነብ አልፈለግኩም። ከዚያ በደብተር ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፦ «ይህ መጽሐፍ አልጠፋም፤ የረሳውም ሰው የለም። ይውሰዱት። ሲጨርሱ ለሌላ ሰው ይተዉት። ቢፈልጉ የት እንደደረሰ በቴሌግራም ይንገሩኝ።» ቁጥሬን ጨምሬ በስኮች ሽፋኑ ላይ ለጠፍኩት፤ ከውስጥ ቢሆን ማን ገልጦ ያየዋል? ክረምት ስለነበር ውስጡ በሚያሳይ ላስቲክ ጠቅልዬ አንድ ክሊኒክ የተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተውኩት። በር ላይ ደርሼ ዞር አልኩ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት አንስተው ጽሑፉን እያነበቡ ነበር። ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩ፤ ማንንም ሳይጠሩ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ያኔ በአንድ ሳምንት አራት መጻሕፍት ነው የተውኩት። የሦስቱን ወሬ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የክሊኒኩ መጽሐፍ በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማታ፣ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ይዞልኝ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። መጽሐፉን ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው አምጥቶልኝ አነበብኩት። አሁን ደሴ ላለችው እኅቴ ልኬላታለሁ። ገጽ 112 ላይ በእርሳስ ስለ ልጅዎ የጻፉት በጣም አስለቀሰኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅ ሞቶብኝ አያውቅም፤ ገጽ 112 ላይም የጻፍኩት ነገር የለም። ይህንኑ መለስኩላት። ስታነበው አየሁ፤ ረጅም ደቂቃ ምንም አልጻፈችም። ከዚያ አንድ መስመር መጣ።

«ታዲያ ማን ነው?»